አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ደብተር

አንድ ተማሪ ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ ቶሎ የሚነሳው ምክንያት «ወላጆቹ ተፋትተዋል» ወይም «አባት የለውም» የሚል ነው። አባባሉ መሠረት የለውም አይባልም። በበርካታ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከእናትም ከአባትም ጋር የሚኖሩ ልጆች በትምህርታቸው በአማካይ የተሻሉ ናቸው። ግን ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

አንዱ ምንጭ ገንዘብ ነው። አሜሪካውያኑ የሶሲዮሎጂ ምሁራን ሣራ ማክላናሃን እና ጋሪ ሳንድፈር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአገራቸው በአንድ ወላጅ የሚያድጉ ልጆች ከሚደርስባቸው ጉዳት ግማሽ ያህሉ ከገቢ ማነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። ትዳር ሲፈርስ ገቢ ለሁለት ቤት ይከፈላል፤ የቤት ኪራይ ግን አይቀንስም። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሥራ ስታበዛ ደግሞ የቤት ሥራ የሚያይ ሰው ይጠፋል።

ድህነት ብቻ ነው እንዳይባል፣ አን ኬዝ፣ ክርስቲና ፓክሰን እና ጆሴፍ አብሊዲንገር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ከሰሃራ በታች ካሉ 10 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዘው፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ያነጻጸሩት አብረዋቸው በአንድ ቤት ከሚኖሩ ሌሎች ልጆች ጋር ነበር። ገቢው አንድ፣ ሰፈሩም አንድ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ያነሰው ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ዋናው ምክንያት የዝምድና ርቀት ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ከቤቱ ኃላፊ በሥጋ በራቀ ቁጥር ዕድሉ ይጠባል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለትምህርት ተብላ ከገጠር ከተማ ዘመድ ቤት የገባች የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማታ ዕቃ አጥባ፣ ሕፃን አስተኝታ፣ ደብተሯን የምትገልጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የቤቱ ልጅ ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ እያጠና ነው። ጠዋት ሁለቱም አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ፈተናውም አንድ ነው።

በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት ከተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ፕሮጀክት መረጃ የተሠራ ጥናትም ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ እናታቸውን ያጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ የመቅረትና በማንበብና በመጻፍ ወደኋላ የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የአባት ሞት በእነዚህ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ያን ያህል አልታየም፤ የነካው ስለ ወደፊት ያላቸውን ተስፋ ነው።

እንግዲህ የቤተሰብ ቅርጽ ራሱ ውጤት አይጽፍም፤ የሚጽፉት አብረውት የሚመጡት ገንዘብ፣ ጊዜና ተቆርቋሪ ሰው ናቸው። መምህራን ሆይ፣ ልጁን «አባት አለህ?» ከማለት «ማታ ደብተርህን የሚያይልህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዘመድ ልጅ ያስጠጋችሁም፣ ለራሳችሁ ልጅ የምትሰጡትን የጥናት ሰዓት ለእሷም ስጡ።