አፖክሮማቲክ ቴሌስኮፕ ከመግዛት በፊት፦ የሌንስ ብርጭቆና የዋጋ ንጽጽር

ይህ መረጃ በአርሲ ነገሌና በአካባቢዋ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ የሥነ ፈለክ ክበባትና ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከዋክብት ከዚያ ይታያሉ።

ተራ ሌንስ ብርሃንን ወደ ቀለማት ስለሚበትን በጨረቃ ጠርዝና በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ሐምራዊ ቀለም ይታያል። አፖክሮማቲክ ቴሌስኮፕ ይህን ጉድለት የሚቀንሰው ብርሃንን በጥቂቱ ብቻ በሚበትን ልዩ ብርጭቆ ነው። መለኪያው አቤ ቁጥር ይባላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብተናው ይቀንሳል፦

• ተራው ቢኬ-7፦ 64 ገደማ
• ኤፍፒኤል-51 እና ኤፍሲዲ-1፦ 82 ገደማ
• የኦሃራ ኤፍፒኤል-53 እና የሆያ ኤፍሲዲ-100፦ 95 ገደማ

ይሁን እንጂ የብርጭቆው ስም ብቻውን ጥራትን አያረጋግጥም። ከእርሱ ጋር የሚጣመረው ሌላው ብርጭቆ፣ የሌንሱ አሞራረድና አገጣጠም እኩል ይወስናሉ። በጥንቃቄ የተሠራ ኤፍፒኤል-51 በግዴለሽነት ከተሠራ ኤፍፒኤል-53 ሊበልጥ ይችላል።

በመሆኑም፦

1. ለዓይን ምልከታ ብቻ ከሆነ፣ ስፋቱ 80 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 560 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ኤፍፒኤል-51 ቴሌስኮፕ በቂ ነው።
2. ለውዱ ብርጭቆ ወይም ለባለ ሦስት ሌንስ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የሚያዋጣው በዋናነት ለፎቶግራፍ ነው።
3. ደብዛዛ ኔቡላዎችን ለማየት፣ በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኝ ሰፋ ያለ አንጸባራቂ ቴሌስኮፕ ይመረጣል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም አንጸባራቂ ናቸው።

ገዢዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የሁሉንም ብርጭቆዎች ስም በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ ከተቻለም ቴሌስኮፑን በጨረቃ ጠርዝ ላይ እንዲፈትሹ ይመከራል።

ማሳሰቢያ፦ ከሌንሱ ፊት የፀሐይ ማጣሪያ ሳይገጠም በማንኛውም ቴሌስኮፕ ፀሐይን መመልከት ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል።