የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትና ሥዕላቸው

ከጨፋ ሸለቆ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው የወሎ ደጋ ይታየዋል። በዚያ ደጋ ዐፄ ናዖድ አስጀምረዋት ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት መካነ ሥላሴ ነበረች። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለች። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሳትቃጠል አይቶ ጽፎላታል፤ የኢማሙን ታሪክ የጻፈው ዓረብ ፈቂህም የወርቋን ብዛት አድንቋል። ነገር ግን መልኳን በሥዕል ያስቀረልን የለም።

ከዚህ 5 ዓመት በኋላ፣ በ1536፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ቲንተርን የተባለውን ገዳም ዘጋው። ጣራው ወርዶ ግድግዳው ሐረግ ለበሰ። በ1790ዎቹ ግን ተርነርን የመሰሉ ሠዓልያን ወደ ፍርስራሹ ሄደው ሣሉት፤ የእንዲህ ያለው ፍርስራሽ ሥዕልም በመዳብ ሰሌዳ እየተቀረጸና እየታተመ በየቤቱ ተሰቀለ። ሕዝቡ በሥዕል የወደደውን ፍርስራሽ መንግሥት በ1901 ገዝቶ ጠበቀው። በፈረንሣይም የክሉኒ ታላቅ ገዳም ድንጋዩ እየተፈለጠ ከተሸጠ በኋላ፣ እነ ባሮን ቴይለር ከ1820 ጀምረው የአገራቸውን ጥንታዊ ሕንፃዎች በድንጋይ ማተሚያ እያሳተሙ አወጡ፤ በ1830 የሕንፃዎቹ ተቈጣጣሪ ተሾመ። እኛ ይህን ሹመት ከሥዕሎቹ ለይተን አናየውም።

እንዲህ ያለው ሠዓሊ ወደ አገራችን አልመጣም እንዳይባል፣ የአክሱምን ሐውልት ሄንሪ ሶልት ሥሎ በ1809 አሳትሞታል። ከጨፋ በስተደቡብ ወዳለው አንኮበርም በ1841 ጀርመናዊው በርናትዝ ከሐሪስ መልእክት ጋራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቷል። በ1852 ለንደን የታተመው መጽሐፉ የአፋርን ቈላና የሸዋን ደጋ ያሳያል፤ መካነ ሥላሴ ግን የለችበትም።

ነገሩ የአብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይደለም። ከጨፋ በታች በይፋት ምድር ኖራ፣ አስባሪና መሳል የተባሉ የእስላም ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዳቸው ይገኛል፤ ሊቃውንት መዝግበው ያሳወቋቸው ከ2000 ወዲህ ነው።

ዛሬ መዳብ መቅረጽ አያሻም፤ ፎቶግራፍ ማንሻ በየሰዉ ኪስ አለ። በበጋ ከብቱን ወደ ጨፋ ሣር የሚያወርድ ሰው፣ የከሚሴም መምህር፣ አሮጌ ግንብ ባየ ጊዜ ድንጋዩ ለበረት ማጠሪያ ሳይወሰድ ፎቶግራፍ ያንሣው፤ የስፍራውንም ስምና ቀኑን ጽፎ ለአቅራቢያው የባህል ጽሕፈት ቤት ያስገባ።