የአገልግሎት ዘርፍ አደገ ሲባል የቱ አገልግሎት?

ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት አገልግሎት 40 በመቶ ገደማ ሲይዝ፣ ግብርና ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል። ይህ ብዙ ጊዜ የመዋቅራዊ ሽግግር ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። የሥራ ስምሪቱ ግን ሌላ ነው፤ ከሠራተኛው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ዛሬም ኑሮው ከእርሻና ከከብት ነው። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የአንድ ገበሬ ምርታማነት ከአገሪቱ አማካይ ግማሽ አካባቢ መሆኑን፣ በአገልግሎት የተሠማራው ደግሞ ከአማካዩ በእጅጉ እንደሚበልጥ ያያል። ከዚህ ተነስቶ ሰዉን ከማሳ ወደ ከተማ ማዛወር ይበቃል ማለት ግን ያሳስታል። ባንክ፣ አየር መንገድና ቴሌኮም ከጉልት፣ ከሊስትሮና ከጫኝና አውራጅ ጋር በአንድ መዝገብ ይደመራሉ። ከገጠር የሚፈልሰው ወጣት በአብዛኛው የሚያገኘው ደግሞ የኋለኞቹን ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ያደገው አገልግሎት የገበሬውንና የፋብሪካውን ወጪ ቀንሷል ወይ የሚለው ነው። አበባን እንውሰድ። ዝዋይ ላይ የተቆረጠ ጽጌረዳ ወዲያው ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ በካርጎ አውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ገበያ ላይ ይቀርባል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት ቢበጠስ አበባው ዋጋ ያጣል። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ ንግድ የሚሰጠው ጥቅም በብሔራዊ ሒሳብ ትራንስፖርት ተብሎ ከሚመዘገበው ይበልጣል፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራቸው በዚሁ የተንጠለጠለ ነው። ከዚያው ከዝዋይና ከመቂ አካባቢ የሚወጣው ቲማቲምስ? በእንጨት ሣጥን ታጭቆ፣ በክፍት አይሱዙ ተጭኖ፣ ዋጋው በደላላ ተቆርጦ አዲስ አበባ ይገባል። መንገድ ላይ የፈረጠው ኪሳራ ገበሬውና ሸማቹ ላይ ያርፋል። አፈሩ አንድ ነው፣ መንገዱም ያው ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው አገልግሎቱ ነው።

ሕንድ በአገልግሎት ተመንድጋ የለም ወይ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሶፍትዌር ኢንዱስትሪዋ ዓለምን ያገለግላል። ነገር ግን ከ500 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የሠራተኛ ኃይሏ ይህ ኢንዱስትሪ የቀጠረው ወደ 5 ሚሊዮን ነው፤ እሱም ለአሥርተ ዓመታት በተገነቡ የምህንድስና ኮሌጆች ላይ ቆሞ። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሠራተኛዋ ዛሬም ግብርና ላይ ነው። ሌላው ክርክር አነስተኛ ንግድ ሥራ አጡን አቅፎ ይዟል የሚል ነው። ይህንንም አልክድም፤ ጉልት የብዙ እናቶች የዕለት ጉርስ ነውና ማሳደድ ጭካኔ ነው። ሆኖም የሸማቹ ገቢ ሳያድግ ቸርቻሪው ሲበዛ፣ ያው ገቢ ለብዙ እጅ ይከፋፈላል እንጂ አዲስ ሀብት አይፈጠርም። የሸማቹ ገቢ የሚያድገው ደግሞ ማሳውና ፋብሪካው ሲያመርቱ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፋይናንሱ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ማስተላለፍ ቀሏል፤ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የውጭ ባንኮቹ ትልልቅ አስመጪዎችን ብቻ ካገለገሉ የዘርፉ ድርሻ ከፍ ይላል፤ የመቂው ገበሬ ግን ቲማቲሙ ሳይደርስ ከደላላ ቀብድ መቀበሉን አይተውም። ለእሱ የሚሆን ሕግ አለ፤ የ2011ዱ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትንም ሰብልንም ለብድር ማስያዝ ይፈቅዳል። ከዓመታት በኋላም ግን ባንኮች በብዛት የሚጠይቁት ቤትና ሕንፃ ነው።