ያውቁ ኖሯል? አንድ አድራሻ የሚጋሩት የብርሃን ሞጁሎች

ፋይበር ኢንተርኔትን ወደየቤቱ በሚያከፋፍለው ማዕከላዊ መሣሪያ ፊት ላይ አውራ ጣት የምታክል፣ ተነቅላ የምትተካ የብርሃን ሞጁል ትሰካለች። ጂፖን በተባለው ሥርዓት በ1490 ናኖሜትር ሞገድ ትልካለች፣ በ1310 ትቀበላለች፤ አንዷ ለ64 ቤቶች ልትበቃ ትችላለች።

ሞጁሏ ስለ ራሷ ትናገራለች፦ ማን እንደሠራት፣ ምን ያህል እንደሞቀች፣ ሌዘሯ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ። ጣጣው፣ ኤስኤፍፒ በተባለው የሞጁል አሠሪዎች የጋራ ስምምነት መሠረት ሁሉም ሞጁሎች መረጃቸው የሚነበበው በአንድ ዓይነት አድራሻ መሆኑ ነው። 16 የሞጁል መሰኪያ ቀዳዳ ያለው የመሣሪያው ካርድ፣ «አበበ!» ሲባል 16 ተማሪ «አቤት!» የሚልበት ክፍል ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶች መምረጫ ቺፕ ይጨምራሉ፤ ቺፑ በየተራ አንዷን ብቻ ከመስመሩ ያገናኛል።

ከቤቶች የሚመጣውን ብርሃን መለካት ደግሞ ይብሳል። ቤቶቹ ተራ ጠብቀው ለቅጽበት ብቻ ብልጭ ስለሚሉ፣ የጠቅላላው አማካይ የየትኛውንም መስመር ጤንነት አያሳይም። መሣሪያው የሚፈለገው ቤት ተራ ሲደርስ ለሞጁሏ «አሁን ለኪ» የሚል ምልክት ይሰጣታል። ቢ ፕላስ በሚባለው የሞጁል ደረጃ ንባቡ ወደ −28 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ዝቅ ብሎ ከተጠጋ፣ ቴክኒሻኑ የታጠፈ ፋይበር ወይም የቆሸሸ ማገናኛ ፍለጋ ይወጣል።