ናስና ብረት በሚጋጠሙበት ስፍራ

በሞተር ኀይል ውኃ ስበው መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ቧንቧቸው በመጋጠሚያው ላይ ተበልቶ ማፍሰስ ሲጀምር ጥፋቱን በበያጁ ወይም በነጋዴው ላይ ማድረጋቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ቧንቧው በመካከሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የናሱ መክፈቻ በተጠመዘዘበት ጫፍ ብቻ ዝጎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእጅ ሥራ ጉድለት ሳይሆን የሁለቱ ማዕድናት አለመስማማት ነው። ጉዳቱም የሚገለጠው ሽንኩርቱ አጥብቆ ውኃ በሚሻበት በበጋ ወራት ከሆነ፣ በአንዲት መጋጠሚያ ምክንያት የወቅቱ ምርት በማሳ ላይ ደርቆ ሊቀር ይችላል።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል በ1761 እ.ኤ.አ. አላርም የተባለችውን መርከብ እንጨት ከሚበሉ ትሎች ለመጠበቅ ሆዷን በመዳብ አልብሶ በብረት ሚስማር መታው። በ1763 በተመረመረች ጊዜ ሚስማሮቹ በብዙ ስፍራ ተበልተው ተገኙ። ብረቱ ደኅና ሆኖ የተገኘው፣ መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ወረቀት ሳይነሣ በመካከል በቀረበት ስፍራ ነበር። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተነካክተው በአንድ ውኃ ሲርሱ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉና፤ ደካማው ያልቃል፣ ብርቱው ይጠበቃል። ብረት ከመዳብና ከናስ ይደክማል፤ ዚንክና አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት ይደክማሉ። ውኃው ጨዋማ በሆነ መጠን ጥፋቱ ይፈጥናል።

እንግዲህ የመርከቢቱ ወረቀት ያደረገውን እኛ በጎማ ልናደርገው እንችላለን። ናሱን ከብረቱ ጋራ በብሎን ማሰር በሚቻልበት ሁሉ በመካከላቸው ወፍራም ጎማ፣ በብሎኑ ዙሪያ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከዳዶው ሥር የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ። ጎማው ገብቶ ብሎኑ ራቁቱን ሁለቱን ከነካ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ተጠምዝዞ ለሚገጠመው ግፊቱን የሚችል አጭር የፕላስቲክ ቧንቧ በመካከል ማግባት ይበቃል። ቀለም የሚቀባም ሰው ብረቱን ብቻ ቀብቶ አይተው፤ ናሱንም ይቀባ። ብረቱ ብቻ የተቀባ እንደ ሆነ፣ ቀለሙ በተፋቀባት ትንሽ ነጥብ ላይ ጥፋቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይበሳዋል። በዚሁ ሕግ፣ በሰፊ መዳብ ላይ የተመታ ትንሽ የብረት ሚስማር ቶሎ ሲያልቅ፣ በሰፊ ብረት ላይ ያለ ጥቂት ናስ ግን ብዙ አይጎዳም።

ይህ የኋለኛው ነገር ለጥገና ይጠቅመናል። የብዙ ፓምፖች አካል በሻጋታ ፈሶ የተሠራ፣ ባለ ጋራዦች ጊዛ የሚሉት ብረት ነው። ይህንን ከተራ ብረት ጋራ በተራ የኤሌክትሪክ ዘንግ ቢበይዱት ብዙ ጊዜ በብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። የናስ ዘንግ ግን ሁለቱን ሳያቀልጥ ያያይዛል፤ ናሱ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ ጊዛው ከ1,100 በላይ ይሻልና። ዝገቱና ቅባቱ ብረቱ እስኪያበራ ይነሣ፤ ዕቃው በጠቅላላው ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ መጋጠሚያው ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ቦራክስ የነካው ዘንግ ይቅረብ። ናሱ እንደ ውኃ ከተዘረጋ ይዟል፤ እንደ ጤዛ ተድቦልቡሎ ከተንከባለለ ብረቱ ወይ አልጠራም ወይ በቅጡ አልጋለም። ከዚያም በደረቅ አመድ ተቀብሮ ይደር፤ ለማቀዝቀዝ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ድካሙን ያጣል። በሥራ ጊዜ ለሚግለው የሞተር ጢስ መውጫ ግን ይህን ጥገና አልመክርም።

ቀላሎቹ ፓምፖች አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየምን ከብረት ጋራ በመንደር በያጅ አቅልጦ ማዋሐድ አይሞከር፤ አንዱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ሌላው 1,500 ገደማ ይፈልጋል፤ ቢዋሐዱም በመካከላቸው የሚፈጠረው እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ለእነዚህ ብሎንና ጎማ ይሻላል።

ዚንክ የለበሰ ቧንቧ የሚበይድ ሰው አስቀድሞ ዚንኩን ከመጋጠሚያው ፍቆ ያንሣ፤ በደጅም ነፋሱን በጎኑ አድርጎ ይሥራ። ነጩ ጢስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። በናሱ ዘንግ ውስጥም ዚንክ ስላለ ጥንቃቄው ለእርሱም ነው። በያጆች መከላከያ ነው እያሉ ወተት ይጠጣሉ፤ ወተት መልካም ምግብ ነው እንጂ ጢሱን ከሳንባ አያወጣም። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ያልለቀቀው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።