በአልጣሽ አንበሳ የሚታየው መቼ ነው?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የዱር እንስሳት የሚታዩት በወቅት ነው። ከአብርሃ ጅራ በመተማ በኩል ወደ ቋራ በሚዘልቀው የሱዳን ጠረፍ፣ በተለይም በ1998 ዓ.ም በተቋቋመው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንበሳ፣ አጋዘን ወይም ከርከሮ አየሁ የሚል ሰው በበጋ ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወሬው ይጠፋል።

የዚህ አንዱ ምክንያት ውሃ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ሽንፋና አይማ፣ ሱዳን ሲገቡ ራሃድና ዲንደር የሚባሉት ወንዞች፣ በክረምት ደፍርሰው ይሞላሉ፤ በበጋ ፍሰታቸው ተቋርጦ እዚህም እዚያም የተነጣጠሉ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው የመጋቢትና የሚያዝያ ቀናት ውሃ ጠጪው ሁሉ እነዚያን ኩሬዎች ይከባል። አንበሳም የሚታደነውን ተከትሎ ይመጣል።

ሰውም ይህን ያወቀው ዛሬ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር የሰፈሩ ሰዎች በበጋ ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቀየር ዓሣውን በቀላሉ ይይዙ ነበር። በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አመድ በቦታው በተገኘበት ዘመን ደግሞ አካባቢው ይበልጥ ሲደርቅ በምግባቸው ውስጥ የዓሣው ድርሻ ጨምሯል።

ክረምት ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳው ይበተናል። በሱዳን በኩል ከአልጣሽ ጋር በሚዋሰነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በተከለለው የዲንደር ፓርክ፣ ዋልካው አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ተናካሽ ዝንብም ይበዛል። ስለዚህ ብዙ እንስሳት ወደ ደረቁ መሬት ይወጣሉ፤ ከፊሎቹም ወደ ኢትዮጵያ ኮረብታዎች ግርጌ ይጠጋሉ። በበጋ ደግሞ ጎርፍ ሞልቷቸው የሄደ፣ ማያ የሚባሉ ረግረጋማ ኩሬዎችን ፍለጋ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ለሰሊጥ አረም የመጣው የቀን ሠራተኛም ከእርሻው አይርቅም። በበጋ ሣሩ ይቃጠላል፣ የእጣኑ ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፣ እጣን የሚያደሙ ሰዎችና ከብት የሚነዱ፣ ፈላታ የሚባሉ አርብቶ አደሮች ጫካው ውስጥ ይዘልቃሉ። ዓይን ሲበዛ የሚታየውም ይበዛል። በ«አየሁ» ብቻ የተሠራ የእንስሳት ቁጥር ስለዚህ እምነት አይጣልበትም።

በ2008 ዓ.ም የቦርን ፍሪ ፋውንዴሽንና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን ያረጋገጡት በወሬ አልነበረም፤ ዱካ መዝግበው፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችንም ተክለው ነው። በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመቱ። ሁለቱን ፓርኮች አንድ አድርገው ማየታቸው ትክክል ነበር፤ አንበሳው ድንበሩን አያውቀውም። አንዱ አገር በጥር፣ ሌላው በነሐሴ ቢቆጥር ያው መንጋ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ወይም ከሁለቱም መዝገብ ሊያመልጥ ይችላል። ትክክለኛው ቆጠራ በሁለቱም ወገን በአንድ ወር የሚካሄድ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ሱዳን በገባችበት ጦርነት ግን ይህ በቅርቡ የሚሆን አይመስልም።