ለራስ የተጻፈ የዕለት ማስታወሻ ማን ያነበዋል?

ሰዎች የዕለት ውሏቸውን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ለሌላ አንባቢ ብለው አይደለም፤ ያዩትን ላለመርሳት ነው። ይሁንና ጽሑፉ ያልታሰበ አንባቢ ሊያገኝ ይችላል።

በጃፓኗ ኪዮቶ መኳንንትና መነኮሳት የቼሪ ዛፍ አብቦ ድግስ የተደገሰበትን ቀን በማስታወሻቸው ያሰፍሩ ነበር። ስለ አየር ንብረት ያሰበ አልነበረም። ዛሬ ግን ተመራማሪዎች ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጀምሩትን እነዚህን መዛግብት ያነባሉ፤ አየሩ ቀድሞ ሲሞቅ ዛፉም ቀድሞ ስለሚያብብ፣ ቀኑ የጥንቱን ሙቀት ይናገራል። መጋቢት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. የታየው ሙሉ አበባ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በ1,200 ዓመታት ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ቀዳሚው ነበር።

ማስታወሻዎቹን ተነባቢ ያደረጋቸው የቃላት ውበት ሳይሆን ቀን መያዛቸው ነው። ለአርሶ አደርም እንዲሁ ነው። ዝናቡ የገባበት፣ የተዘራበትና የታጨደበት ቀን፣ የዘሩ ዓይነትና የምርቱ ኩንታል በደብተር ቢሰፍር፣ የመጀመሪያው አንባቢ በቀጣዩ ክረምት የመዝሪያ ጊዜውን የሚወስነው ባለማሳው ራሱ ነው። ራሱ መጻፍ ባይችል፣ ተማሪ ልጁ ይጽፍለታል። ሁለተኛው አንባቢም ማሳውን የሚረከበው ያው ልጅ ይሆናል።